እንግዶችህ ሲመጡ አብረሃቸው ተቀመጥ

ለውድ ልጄ፤

ደብዳቤህ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። በአዲሱ ቤትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኞችህን ራት እንደ ጠራህ፣ ከአንተ ጋር ስምንት እንደምትሆኑ፣ «ምን ምን ልሥራላቸው?» የሚለው ጥያቄም እንቅልፍ እንደ ነሣህ ጽፈሃል። መልሱን ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ አምስት ዓይነት ምግብ በተርታ ካሰፈርሁ በኋላ ወደ ስድስተኛው ስደርስ እጄ ቆመ፤ የጻፍሁት ለአንተ የሚበጅህን ሳይሆን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስደጋግመው የኖርሁትን ስሕተት መሆኑ ታወቀኝ። ያንን ወረቀት ቀድጄ ይህን እጽፍልሃለሁ። ብዙ ሰው አብልቻለሁ፤ ካበላኋቸው ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ የበላሁበት ቀን ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንተ ከእንግዶችህ ጋር እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች ስለ ሽንኩርትም ሆነ ስለ ጨው የማነሣው ሁሉ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው።

ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላህ አንድ ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሳቅና ጨዋታው ደርቷል፤ እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ዘይቱ በሚንጫጫ መጥበሻ ላይ የመጨረሻውን ዙር አገላብጣለሁ። ኮቴ ሰምቼ ዘወር ስል፣ ሳህንህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ መረቁ ወደ አንድ ጠርዝ አጋድሎ ሊፈስ ጥቂት ሲቀረው፣ በእግርህ የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ ለመገልበጥ ስትታገል አየሁህ። «እዚህ ምን ትሠራለህ? ሰው ወዳለበት ሄደህ ብላ» አልሁህ። «እዚህም ሰው አለ» ብለህ ባልዲው ላይ ተቀመጥህና መብላት ጀመርህ። በዚያን ጊዜ ሥቄ አለፍሁት። እንግዶቹ ሲወጡ «እጅሽ ይባረክ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ከመካከላቸው አንዷ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ «ዛሬም ሳንጫወት ሄድን» አለችኝ። የአንተና የእርሷ ንግግር አንድ ዓይነት መሆኑ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጥፋቱ የእንግዶቹ ብዛት አልነበረም፤ የምግቡ ምርጫ ነበር። ምግብን፣ አንተን የሚጠብቅና አንተ የምትጠብቀው ብለህ ለሁለት ክፈለው። ተጠብሶ ትኩሱን የሚበላ ነገር ሁሉ አንተ የምትጠብቀው ነው፤ ከዘይት ከወጣ በኋላ በውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውጭ እየገፋ ቅርፊቱን ስለሚያለሰልሰው ብዙም ሳይቆይ መንኮሻኮሹን ያጣል፤ ትኩስ ይሁን ብለህ ክዳን ከደፋህበትማ ጭራሽ ይላሽቃል። እንቁላልና ስስ ሥጋም እንደዚሁ ናቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈባቸው ይደርቃሉ። በመረቅ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለ ሥጋ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ከቲማቲም ጋር የበሰለ አትክልት ግን አንተን ይጠብቃሉ፤ እንዲያውም አብዛኞቹ አድረው ሲሞቁ ቅመሙና ጨዉ እርስ በርሱ ተዋሕዶ ስለሚቆይ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ይጣፍጣሉ። ስለዚህ ለስምንት ሰው ከዋዜማው የተሠራ አንድ ዋና ምግብ፣ አብሮት የሚበላ ሩዝ ወይም ዳቦ፣ በጥሬው የተከተፈ አንድ ሰላጣ ይበቃሃል። አራተኛውና አምስተኛው ሳህን ለእንግዳው ሆድ ሳይሆን ለባለቤቱ ስም የሚቀርብ ነው፤ ለስሜ ብዬ ብዙ ሳህን ያቀረብሁ ሰው ነኝና በዚህ እመነኝ።

ዋናውን ምግብ ከዋዜማው ስትጀምር የሚያጣድፍህ የለም፤ ያን ትርፍ ጊዜ ለሽንኩርቱ ስጠው። ሽንኩርት ከክብደቱ ከ85 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ድስቱ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ የምግቡ ሙቀት ከመፍያው፣ ማለትም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም፤ ቡናማው ቀለምና ቤቱን የሚያውደው ሽታ ደግሞ የሚመጡት በምግቡ ውስጥ ያሉት ስኳርና የፕሮቲን ክፍልፋዮች በሙቀት ሲዋሐዱ ነው፤ ይህም ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ በጣም ይፈጥናል። ይህን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኔ ስሙን የሰማሁት ሽንኩርት ሳቁላላ ብዙ ዘመን ከኖርሁ በኋላ ነው፤ ጆሮዬ ግን ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ነበር። አፉ ሰፊ የሆነ ድስት ጥደህ ሽንኩርቱን ስትጨምር መጀመሪያ የምትሰማው ውኃው ሲወጣና ሲተን የሚያሰማውን ደንገዝ ያለ ድምፅ ነው፤ ማማሰያውን ስትጎትተው ድስቱ ሥር እርጥብ ሆኖ ታየዋለህ። ቆይቶ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ መንጫጫት ይጀምራል፣ ሽንኩርቱም ተሰብስቦ የመጀመሪያውን መጠን ሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። እሳቱን ዝቅ ማድረግ ያለብህ ይህን የድምፅ ለውጥ እንደ ሰማህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሽንኩርቱን ከማረር የሚጠብቀው የራሱ ውኃ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ ጠባቂው አንተ ነህ። ሥሩ መያዝ ሲጀምር አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ እያደረግህ የያዘውን በማማሰያው እየፋቅህ ከሽንኩርቱ ጋር አዋሕደው፤ የወጡ ቀለምና ጣዕም ያለው እዚያ ሥር ነው። ለስምንት ሰው የሚሆነው ሽንኩርት አርባ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በአሥር ደቂቃ ቡናማ ይሆናል የሚል የምግብ አሠራር ካነበብህ፣ የጻፈው ሰው አጠገቡ አልቆመም።

ሥጋውን ስትጠብስም ነገሩ ያው ነው፤ እርጥበቱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀህ ጥቂት ጥቂቱን እየጨመርህ ጥበሰው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከገለበጥኸው መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ጠብሼዋለሁ ስትል የቀቀልኸው ሆኖ ታገኘዋለህ።

ለአራት ሰው መሥራት የምታውቀውን ለስምንት ስትሠራ ሁሉንም በሁለት ማባዛት ያሳስትሃል። ሥጋው፣ ምስሩ፣ ሽንኩርቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውኃው ግን በዚያው ልክ አይሆንም፤ በእንፋሎት የሚወጣው ውኃ በድስቱ አፍ ስፋት፣ በእሳቱ ኃይልና በሚፈላበት ጊዜ የሚወሰን እንጂ ድስቱ ውስጥ ባለው ምግብ ብዛት ስላልሆነ፣ እጥፍ ውኃ ያደረገ ሰው በመጨረሻ ቀጭን መረቅ ይዞ ይቀራል። ከእጥፉ ቀንሰህ ጀምር፤ ሲጎድል የፈላ ውኃ መጨመር ምንም አይከብድም፤ የበዛውን ማትነን ግን ጊዜህን ይበላል። ጨውንም በመጀመሪያ ከምታስበው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አድርገህ የቀረውን መረቁ ወፈር ካለ በኋላ ጨርስ፤ ውኃው ሲቀንስ ጨዉ አይቀንስምና። ስትቀምስ ከሚፈላው ድስት በቀጥታ አትቅመስ፤ ማንኪያው ላይ እስኪበርድ ጠብቅ፤ የተቃጠለ ምላስ ጨው አይለይም። ሦስት አራት ጊዜ ከቀመስህ በኋላም ምላስህ ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው እንግዳ ሲደርስ ማንኪያውን ለእርሱ ስጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ስለሚል፣ ጥቂት አሳንሰህ የጨው ዕቃውን ገበታው ላይ ብታኖር ማንንም አትበድልም። ጨዉ በቂ ሆኖ ምግቡ አሁንም አፍ ላይ የማይነቃ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ጨው ሳይሆን ጥቂት የሎሚ ጠብታ ነው፤ ይህን ዘዴ ማንም አልነገረኝም፣ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ስንት ድስት ከጨው ብዛት በዳነ ነበር።

ጨው ከበዛብህ ድንች ጨምር የሚሉህ አይጠፉም። ድንቹ የሚመጠው መረቁን እንዳለ ነው እንጂ ጨዉን ለይቶ አይደለም፤ የሚሻለው ጨው ያልገባበት ምስር ወይም አትክልት ቀቅለህ መጨመር ነው። ካረረብህ ደግሞ ሥሩን ሳትነካና ሳትፍቅ የላይኛውን ብቻ በጭልፋ ወደ ሌላ ድስት አዛውረው፤ አንዴ ከፋቅኸው ግን ምሬቱ እስከ ላይ ይወጣል።

ከጓደኞችህ ሁለቱ ሥጋ እንደማይበሉ ስለ ጻፍህልኝ ስለ ቀይ ቦሎቄ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ጥሬው ቀይ ቦሎቄ በውስጡ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ጥቂት ፍሬ እንኳን ሳይበስል ከተበላ ያስታውካል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ከተመቸህም ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፈው፤ የዘፈዘፍህበትን ውኃ ድፋው፤ ከዚያ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ በኃይል እየተንተከተከ እንዲፈላ አድርግና ከዚያ በኋላ ብቻ እሳቱን ቀንሰህ እስኪለሰልስ ቀቅለው። ከመጀመሪያው በለሆሳስ እሳት ብትጥደው መርዙ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ሌላው ደግሞ የመኖሪያህ ከፍታ ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስል ጥራጥሬ እዚያ እጅግ ይዘገያል። ለዚህ መድኃኒቱ የግፊት ድስት ነው፤ ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ከሠራው ዕቃ ጀምሮ አሳቡ አልተለወጠም፤ እንፋሎቱን አፍኖ የውኃውን መፍያ ወደ 120 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑን ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ለመክፈት እንዳትታገል።

ከዋዜማው ሥራ ስልህ አደጋም እንዳለው አልሰውርህም። አንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ብዬ ትልቁን ድስት ሙሉ ወጥ ሠርቼ፣ ሲበርድ ፍሪጅ አስገባዋለሁ ብዬ ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። ሲነጋ ክዳኑን ስከፍት ላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ነበር፤ ወጡ እሳት ሳይነካው በራሱ «ጵል» «ጵል» ይላል። ያን ሁሉ ድካሜን ደፋሁ፤ ከመድፋቴ በፊትም እንደገና ባፈላው ይድን ይሆን እያልሁ ድስቱ አጠገብ ብዙ መቆሜን አልክድም። አይድንም ነበር፤ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሩዝ ላይ የሚያድገው ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ዘሩ መቀቀሉን ተቋቁሞ ይተርፍና ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፤ ለዚህ ነው ሩዙን በዕለቱ ሥራው የምልህ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፤ ትኩስ ሆኖ የሚጠብቅ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይጠብቅ፤ ሲሞቅም መካከሉ ድረስ 70 ዲግሪ ይድረስ፣ ማለትም ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሐሉም ይንተክተክ። ጥልቅ ድስት መሐሉ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይፈጃልና ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ሦስት አራት ዕቃዎች ከፋፍለህ አብርደው። እኔን የጎዳኝ እንቅልፌ ሳይሆን ድስቱን ሙሉውን መተዌ ነበር።

ሰላጣውን ጥሬ ሥጋ በከተፍህበት መክተፊያ አትክተፍ። ሁለት መክተፊያ ከሌለህ ሰላጣውን አስቀድም።

ከመጋበዝህ በፊት ባትጠይቅ እንኳ አሁን ከጋበዝህ በኋላ እያንዳንዱን ሰው «የማይስማማህ ምግብ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ሰውነታቸውን የሚያስቆጣባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ኦቾሎኒ የነካ ማንኪያ ሌላው ድስት ውስጥ መግባቱ ብቻ ለማሳመም ይበቃል። የሚጠየቅ ሰው አይቀየምም። ሳይጠየቅ ቀርቶ ገበታ ላይ ዳቦ ብቻ እየቆረሰ «ጠግቤአለሁ» የሚል ሰው ግን ለሁላችሁም ያሳዝናል፤ እኔ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ያውቃል፣ ያወቅሁትም ሳህኑን ሳነሣ ነው።

አሁን ወደ ምሽቱ ልምጣ። እንግዶችህ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚመጡ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ የዕቃ ማጠቢያው ባዶ፣ መክተፊያው የታጠበ፣ ወጡ በለሆሳስ እሳት ላይ፣ ሩዙ የታጠበና የተለካ ይሁን። ሩዙን የመጀመሪያው እንግዳ በር ሲያንኳኳ ጣደው፤ በትንሽ እሳት ተከድኖ ይበስላል፣ ከበሰለም በኋላ እሳቱን አጥፍተህ ክዳኑን ሳትከፍት አሥር ደቂቃ ብትተወው ይሻለዋል። «ላግዝህ» ለሚልህ ሰው እንደ እኔ «ኧረ ተቀመጥ» አትበለው፤ ሰላጣውን እንዲከትፍ ቢላዋ ስጠው። እንግዳን ሥራ ማስነካት ነውር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እጁ ሥራ ያገኘ ሰው ቶሎ ቤተኛ ይሆናል፣ የማያውቃቸውም ሰዎች ጋር ወሬ ለመጀመር አይቸግረውም። ምናልባት ዘይት ጥደህ እሳት ቢይዝ ውኃ እንዳትደፋበት፤ ምድጃውን አጥፋ፣ በክዳን ድፈነው፣ እስኪበርድም አትክፈተው። ይህን ሦስት ምግብ ብቻ ከሠራህ ግን ዘይት ጥደህ የምትቆምበት ምክንያት የለህም።

ምግቡን አቅርበህ ስትቀመጥ «ጨው አንሶታል መሰለኝ»፣ «ትንሽ አርሮብኛል» እያልህ አትጀምር። እኔ ይህን ሁልጊዜ እለው ነበር፤ ትሕትና እየመሰለኝ። አባትህ አንድ ቀን እንግዶች ከሄዱ በኋላ «እንዲያመሰግኑሽ ካስገደድሻቸው በኋላ ነው ማንኪያ የሚያነሡት» ብሎኝ ለሁለት ቀን አኮረፍሁት፤ በሦስተኛው ቀን ትክክል መሆኑን ነገርሁት። ድስቱን ባዶ ለማድረግም ደጋግመህ «ጨምሩ፣ ጨምሩ» አትበል፤ ጭልፋውን ገበታው መካከል ተወው፤ የፈለገ ያነሣል። የጎደለ ነገር ካለም ለማምጣት በተነሣህ ቁጥር ጨዋታው ይቋረጣልና ውኃውን፣ ጨዉን፣ ትርፉን ማንኪያና ፎጣ አስቀድመህ አጠገብህ አድርግ። እኔ በአንድ ራት ውስጥ ስንት ጊዜ እነሣ እንደ ነበር አንድ ምሽት አንተው ቆጥረህ ነግረኸኛል፤ አሥራ አራት ነበር።

ሲጨርሱ ዕቃውን ብቻህን አትጠብ፤ አንዱ ሲያጥብ ሌላው ሲያደርቅ ያልተባለው ወሬ ሁሉ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የተረፈውን ምግብ ግን ከጨዋታው በፊት አንሣው፤ ሁለቱ ሰዓት አይጠብቅህም። ፍሪጅ ያስገባኸውን በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሰው፤ የምታሞቀውንም የምትበላውን ያህል ብቻ እየቀነስህ አሙቀው።

ትልቁን ድስት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አንዱ ጆሮው ላልቷልና በጨርቅ ይዘህ አንሣው፤ ክዳኑ በደንብ አይገጥምም፣ ስለዚህ ውኃው ከምታስበው ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል። ወጡን ለማቅረብ ስትጣደፍ እንዳትደውልልኝ፤ በማግስቱ ደውልና ማን ምን እንዳለ፣ በምን እንደ ሣቃችሁ ንገረኝ።

ወንበር ስድስት ብቻ እንዳለህ፣ ለቀሩት ሁለት ሰዎች ከየት እንደምታመጣ እንደ ጨነቀህ በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ አንብቤአለሁ። ሁለት ባልዲ ገልብጥና ትራስ አድርግባቸው፤ ትራስ ከሌለው ጠርዙ እግር እንደሚያደነዝዝ ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እናትህ